ቢላው የሚቆምበት ቦታ

የወንድሜ ሚስት ኔዳ ለሕፃናት መጽሐፍ ትጽፋለች። ጋዜጠኞች ከዋና ከተማው ከሶፊያ መጥተው "ከየትኛው መጽሐፍ ተማርሽ?" ሲሏት "ከግድግዳ" ትላቸዋለች። የቀለደች ይመስላቸዋል፤ እውነቷን እኮ ነው። በልጅነቷ እነኔዳ ቤት አንድም መጽሐፍ አልነበረም። እናቷ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እጇን ይዛ ትወስዳታለች፤ ኔዳ እንደ አገራችን ልማድ ለመታሰቢያ በየበሩና በየመብራት ምሰሶው የሚለጠፈውን የሟች ወረቀት ፊደል በፊደል እያነበበች ትሄዳለች። ፎቶ፣ ስም፣ ከሥር ሁለት መስመር። "እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ይወድ ነበር?" ትላለች። እናቷ ካወቀች ትነግራታለች፤ ካላወቀች ትፈጥርላታለች። የኔዳ ተረት ሁሉ፣ የቀበሮም ይሁን የጃርት፣ እስከ ዛሬ የሚጀምረው በስምና ባለስሙ በሚወደው ነገር ነው።

አጻጻፏ ደግሞ ጉድ ነው። ጠዋት በእርሳስ ትጽፋለች፤ ከሰዓት ወጥ ቤት ገብታ ለወንድሜ ለቶንቾ ታነብለታለች። ቶንቾ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ድንች ይልጣል፣ በመከር ደግሞ ለበረዶው ክረምት በጠርሙስ የሚታሸገውን የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ። ቢላው ከቆመ ያ ዓረፍተ ነገር ጸደቀ፤ ካልቆመ ትሰርዘዋለች። "ይቺ ሴትዮ ከእኔ ይልቅ ቢላዬን ታምናለች" ይል ነበር።

አምና መስከረም ሞተ። ከዚያ ወዲህ ኔዳ አንድ መስመር አልጻፈችም። የጃርቱ መጽሐፍ መጨረሻው ጎድሎ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አሳታሚው ይደውላል፤ "እሺ" ትላለች፤ ስልኩን ትዘጋለች። ትበላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኛለች። አታለቅስም። እኔም ከእሷ በታች ባለው ፎቅ እንደዚያው ነኝ፤ የገዛ እጄ የሌላ ሰው እጅ እየመሰለኝ ሾርባ እሠራለሁ። ሁለታችንም ደንዝዘናል።

ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ አዲስ ወረቀት መለጠፍ አለበት። የአርባውንም የመንፈቁንም ወረቀት የለጠፍነው ማተሚያ ቤቱ ካዘጋጃቸው ቃላት መርጠን ነበር። ኔዳ "ያንኑ ይድገሙት" አለች።

ደሜ ፈላ። "ለሰው ልጅ ሁሉ ስትፈጥሪ ኖረሽ፣ ለወንድሜ ሲሆን የማንም ቃል ይበቃዋል?"

"የሚሰማኝ የለም፣ እትዬ ፔና። ብጽፍስ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"እኔ ጆሮ የለኝም?"

"አንቺማ አፍሽ መች ያርፋል።"

"አፌን ተዪውና እጄን እዪ።"

በማግስቱ ከሰዓት ቃሪያዬን ተሸክሜ ወደ ላይ ወጥ ቤታቸው ወጣሁና በቶንቾ ወንበር ተቀምጬ እልጥ ጀመር። ኔዳ ወረቀት ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበች፤ ላጥኩ። ሰረዘች። "ደግ ባል፣ ታማኝ ወዳጅ" የሚል ነገር አነበበች፤ አሁንም መላጤን አላቆምኩም። ሰረዘች። ከዚያ አንድ መስመር ጽፋ፣ ድምጿን ሳትለውጥ አነበበች፦

"ቶንቾ ጥሩ ነገር ሲሰማ እጁ ይቆማል። ካለፈው መስከረም ጀምሮ እጁ እንደቆመ ነው።"

ቢላዬ ቆመ። ልቀጥል ብል እጄ እምቢ አለኝ። ወንድሜ ናፈቀኝ፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም።

ኔዳ አየችኝ። ወረቀቱን ለማተሚያ ቤቱ አጥፋ አስቀመጠች፤ ከመሳቢያው ደግሞ የጃርቱን አወጣች።

"አዝነሽልኝ እንዳታቆሚ" አለች። "አውቅብሻለሁ።"

ሌላ ቃሪያ አነሳሁ።