የጦር መሳያው ድንጋይ

ወፍጮ ቤት ያረጀ ሰው ቀስ ብሎ መናገር አያውቅበትም። እኔ ነቀምቴ ገበያ ዳር ከወፍጮ ሞተር ጋር እየተጯጯህኩ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት። ስለዚህ ለእግር ጉዞው ልመዘገብ ስሄድ አስጎብኚው ጉልበቴን አየት አድርጎ፣ «አዮ፣ እርስዎ እንኳ በመኪና ቢከተሉን ይሻላል» ሲለኝ፣ የሰጠሁትን መልስ ማዶ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ሰምተውታል።

«መኪና ብፈልግ መናኸሪያው ጠፋኝ ወይ?»

አዮ እዚህ አገር እናት ማለት ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እናቴ እያለ ነው የሚከለክለኝ። የከተማችን ልጅ ነው፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ጠፈፍ ሲል ሰው ሰብስቦ በጣሊያን ጊዜ አርበኞች የተመላለሱበትን የጫካ መንገድ ያስጎበኛል። ከጉቶ ጊዳ ገጠር ይነሳል፣ ጫካውን ሰንጥቆ ወንዙን ይሻገራል፣ ቢላ ከተማ ሲደርስ ያበቃል። በመሀል ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ ይታደራል።

ለምን መሄድ እንደፈለግሁ ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ግን ልናገር።

እናቴ በጣሊያን ጊዜ ኮረዳ ነበረች። እሷና ታላቅ እህቷ በዚያ መንገድ ለአርበኞቹ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። ስንቁ ቡና ቀላ ነው፤ ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ። ጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ አይቻልም፣ ጭሱን አይቶ አውሮፕላን ይመጣል። ቡና ቀላ ደግሞ እሳት አይፈልግም፤ አንድ ጭብጥ የበላ ሰው እስኪመሽ ይራመዳል። የወንዙን መሻገሪያ ወታደር ስለሚጠብቀው ወንድ ወደዚያ ዝር አይልም። ሴት ግን እንስራ ካዘለች ውሃ ቀጂ ናት፣ ማን ይጠረጥራታል? ስንቁን እንስራው ውስጥ አድርገው ይሻገሩ ነበር።

አንድ ክረምት ደራሽ ውሃ መጣባቸው። አክስቴን ውሃው ከድንጋይ ጋር አላተማት። እናቴ በነጠላዋ ጎትታ አወጣቻት፤ ማዶ ዳገቱ ላይ ከደረሱ በኋላ ግን ሞተች። አርበኞቹ እዚያው ዋንዛ ሥር ቀበሯት። ወንድ ቢሆን ከራስጌው ጦሩ ይተከልለታል። ለእሷስ ምን ይተከል? እናቴ ሌላ ቀን ተመልሳ፣ እህቷ የምትፈጭበትን መጅ እንደ ሕፃን በአንቀልባ አዝላ ወንዙን ተሻገረችና ከራስጌዋ ተከለችው። የዛሬ ልጆች መጅ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ሴት ተንበርክካ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ በወፍጮው ድንጋይ ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች እህል የምታደቅበት ድንጋይ ነው።

ስለ አክስቴ እናቴ ብዙ አላወራችልኝም። መልኳን አላውቀውም፣ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። የማውቀው ግራኝ እንደነበረችና ሳቋ ከሩቅ ይሰማ እንደነበር ብቻ ነው። እናቴ ልትሞት ስትል፣ «መንገዱ ሲቃናልሽ ሂጂና እርጥብ ቅጠል ጣይላት» አለችኝ። በመንገድ ዳር መቃብር ያለፈ ሰው ቅጠል ወይም ድንጋይ ጣል ያደርጋል፤ የአገሩ ወግ ነው። መንገዱ ግን አልቃና ብሎኝ ቆየ። ልጅ ማሳደግ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ ሲቀጥል ደግሞ አገሩ ሰላም አጣ። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት እኔ በተራዬ ጉልበት አጣሁ። ቢሆንም ጉልበት የተፈጠረው ሊያልቅ ነው ብዬ ተመዘገብኩ።

በመጀመሪያው ቀን በቆሎው መሀል ስንሄድ ሁሉም ጀግና ነበር። ጫካው ሲቀበለን ነው ወሬ የቀነሰው። ቀረሮው ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ያዩናል፤ ከታች ሐረጉ እግር ይጠልፋል፣ ሳማው ይለበልባል። ብዙዎቹ ወንዶች ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ ናቸው፤ አዲስ ጫማ ያደረገ ሁሉ ማንከስ ጀመረ። እኔ ያው የድሮዋ አንካሳ ስለሆንኩ ለውጡ አልታወቀብኝም። ከኋላዬ እንድትሄድ ያደረግኋት ጎረቤቴ፣ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ጉራጌ፣ በሳማ በተለበለበች ቁጥር ትሳደብና ወዲያው ይቅር በለኝ እያለች ታማትብ ነበር። ሌሎችም ሴቶች ነበሩ፤ በአብዛኛው አስተማሪዎች።

በሁለተኛው ቀን ወንዙ ጋ ስንደርስ ፒካፕ ቆሞ አገኘን። አስጎብኚው ድንጋይ ላይ ወጣና፣ «ሴቶቹ አርበኞቹን እስከዚህ ይሸኙ ነበር። ከዚህ ወዲያ የወንድ መንገድ ነው» አለ። ለካስ የጉዞው ወግ ሆኗል። በየዓመቱ ሴቶቹ ከዚህ በመኪና ተጭነው፣ በአስፋልቱ ዞረው ቢላ ይገባሉ። እዚያ አድረው ምግቡን ይሠራሉ፣ በማግስቱ ወንዶቹ ከጫካ ሲወጡ በእልልታ ይቀበላሉ። ጎረቤቴ እንኳ ታውቅ ነበር፤ ሽሮና በርበሬውን ቀድማ ልካለች።

ደሜ ፈላ። እናቴ በአንቀልባ ድንጋይ አዝላ የተሻገረችውን ወንዝ ይኼ ትናንት የተወለደ ልጅ የወንድ አደረገው! ይህን ተቀብዬ መኪና ላይ ብወጣ በገዛ እጄ እናቴን ውሸታም ማድረጌ ነው። አክስቴንም ከተኛችበት መንቀል ነው።

«አዮ፣ ይውጡ እንጂ» አለኝ ፒካፑን እያሳየ። «እልልታዎን ቢላ ላይ እንፈልገዋለን።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አሉ። «እልልታዬ ከእኔ ጋር በእግሩ ይመጣል» አልኩት።

ከወንዶቹ አንዱ፣ ሆዱ ቀበቶውን የሸፈነው፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ሳቀ። ዞር ብዬ፣ «አንተ መጀመሪያ ዳገቱን ጨርስና ትጨርሰኛለህ» አልኩት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ጎረቤቴና ሌሎቹ ሴቶች ፒካፑ ላይ ሲወጡ እኔ ጫማዬን አውልቄ ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ፈርቼ ነበር፤ ምን ይደበቃል። ውሃው ከጉልበቴ በላይ ሲደርስ ቅዝቃዜው አጥንቴ ውስጥ ገባ፤ የታመመው እግሬም የኔ አልመስል አለኝ። መሀል ላይ ስደርስ አክስቴ የቱ ድንጋይ ላይ ይሆን የተመታችው ብዬ አሰብኩና እንባዬ መጣ። አስጎብኚው ከኋላዬ እየሮጠ ገብቶ ክንዴን ያዘኝ። «ጀባዱ አዮ፣ ጀባዱ» ይለኛል፤ በርቺ ማለቱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ባይዘኝ ኖሮ እወድቅ ነበር። ማዶ ስንደርስ አመሰገንኩት። በሆዴ ግን ገና አልታረቅሁትም።

በማግስቱ ዳገቱን ጨርሰን በቆሎ ማሳ ዳር የድንጋይ ክምር ጋ ደረስን። የእናቴ ዋንዛ የለም፤ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ገበሬው ክምሩን ሳይነካ ዙሪያውን አርሷል። ላዩ ላይ የደረቀ ቅጠል አለ፣ እርጥብም አለ። ያላወቃት መንገደኛ ሁሉ ወጓን አላጓደለባትም። ከራስጌዋ መጁ ግማሽ ጎኑ ከመሬት ወጥቶ ቆሟል። ቅጠል ልቆርጥ ጎንበስ ስል አስጎብኚው ንግግሩን ጀመረ።

«እዚህ ስሙ ያልታወቀ አርበኛ ተኝቷል። ይኼ ድንጋይ ጦሩን የሚስልበት ነው። እዩት፣ ከመሳሉ ብዛት እንዴት እንደለሰለሰ።»

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቦርጫሙም ሳይቀር። ድንጋዩን በስልክ ፎቶ አነሱት። እነዚህ ሁሉ በመጅ የተፈጨ በልተው ያደጉ ወይም ካደጉ ሰዎች የተወለዱ ናቸው። ነገር ግን ከወፍጮው ኋላ ተንበርክኮ የሚያውቅ አንድም የለም። ጦር መሳያ ነው ሲባሉ ጦር መሳያ ታያቸው።

«መጅ ነው!» አልኩ። ከማሳው ወፍ ተነሳ። «ጦር የሳለበት የለም። የተኛችውም አክስቴ ናት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ደራሹን፣ አንቀልባውን፣ ዋንዛውን። አስጎብኚው አቀርቅሮ ሰማኝ። ስጨርስ ግን፣ «አዮ፣ እናትዎ ዋሹ አልልም። ግን ቦታው ሌላ ቢሆንስ? እኔም የሰማሁትን ነው የምናገረው። ሰሌዳ ሊተከል ተወስኗል፣ ጽሑፉም ተሰጥቷል። አሁን እንሂድ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናጣራዋለን» አለ።

«የሚቀጥለውን ዓመት ማን ሰጠህና ነው የምታበድረኝ?»

አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ተዪው ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። እሳቸውን አከብራለሁ። ግን እኔ የእህል ሰው ነኝ፣ ነቀዝ አውቃለሁ፤ ዝምታን የመሰለ የሚነቅዝ ነገር አላየሁም። ያቺ ሴት ዝም ተብላ ነው ወንድ ሆና የቀረችው።

ክምሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ስህተቱን አርመህ እዚሁ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት እስክትናገር አልነሳም። ተሸክማችሁ ከቻላችሁ ተሸከሙኝ።» ወፍጮ ቤት ከዱቄቱ የተረፈኝ ክብደት ነው፤ ማንም አልሞከረም።

ጸሐዩ ጠነከረ። ወንዶቹ ርቧቸዋል፣ ምግቡ ቢላ ነው፣ እኔ ደግሞ መንገዱ ላይ ነኝ። አንዱ አጉረመረመ፣ ሌላው ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። አስጎብኚው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣና ለሴቶቹ ደወለ፤ «ተይዘናል፣ ቆዩን» ሲል ሰማሁት። ያላወቅሁት ቢኖር ሴቶቹ መቆየት እንደሰለቻቸው ነው። ከቢላ እዚያ ሩቅ አይደለም። መኪናው የሚደርስበት ድረስ አምጥቷቸው፣ የቀረውን ድስቱንና አገልግሉን ተሸክመው በእግራቸው ወጡ።

ከፊት ጎረቤቴ ነበረች። እያለከለከች መጣችና አገልግሏን የምታሳርፍበት ቦታ ስታማትር ክምሩን አየች። ጎንበስ አለች። ማንም ምንም አልነገራትም፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም።

«ውይ!» አለች። «ይኼን የመሰለ መጅ እዚህ ማን ጣለው?»

ሌሎቹም ሴቶች ተሰበሰቡ። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ አፈሩን ጠረገችለት። ጎረቤቴ እንደ ልማዷ ተንበርክካ ሁለት እጇን ድንጋዩ ላይ አኖረች፤ ወደ ፊት ወደ ኋላ ልትገፋ ያለች ይመስል ነበር። ከዚያ ፊቷን ቋጠር አድርጋ መዳፏን አሻሸችው።

«በግራ ጎኑ በኩል ነው ይበልጥ የተበላው» አለች። «ባለቤቷ ግራኝ ሳትሆን አትቀርም።»

ይህንን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለወንዶቹ ታሪኩን ስናገር እንኳ አላነሳሁትም፤ ምን ይረባል ብዬ ነው። ዕድሜ ልኬን መልኳን ያላወቅሁት ሴት በዚያች ሰዓት መጣችልኝ፤ ተንበርክካ፣ ግራ እጇን አበርትታ እየገፋች፣ እየሳቀች። ያ ሁሉ ጩኸቴ የት እንደገባ እንጃ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጎረቤቴ ነገሩ ሳይገባት አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች።

አስጎብኚው ባርኔጣውን እንደገና አወለቀ። ወንዶቹን ጠርቶ ሰበሰበና፣ «የነገርኳችሁ ስህተት ነው። እዚህ የተኛችው ስንቅ ይዛ ወንዙን የተሻገረች ሴት ናት። ድንጋዩም መጇ ነው» አለ። ከዚያ አጠገቤ በርከክ ብሎ፣ «አዮ፣ ስማቸው ማን ነበር?» አለኝ።

እርጥብ ቅጠሌን ጣልኩላትና ተነሳሁ። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፤ ለወንዶቹ ያስቀመጡትን በሙሉ። እልልታው ሲያበቃ ወደ ወንዙ ዞሬ ስሟን ባለኝ ጉልበት ጠራሁት። ቢላ ድረስ ተሰማ ይላሉ። የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው፣ ይሰማል።