በመያዣ የቀረው የከፋይ ቀሚስ

ሻንጣዬ ዛሬ በመጀመሪያው ሙከራ ተዘጋልኝና ክው ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ በበሩ ስታልፍ አየችኝና "ምን ሆንሽ ማሚ?" አለችኝ፤ "ሻንጣው ተዘጋ" ብላት "ታዲያ ጥሩ ነዋ" ብላኝ ስልኳን እያየች ሄደች። ጥሩ ነው፣ ምን ይወጣለታል። ጎማ አለው፣ ዚፕ አለው፣ ለጫማ ብቻ ተብሎ የተሠራ ኪስ አለው። ለሥራ ስብሰባ አርባ ምንጭ ደርሼ ልመለስ ስለሆነ ልብሶቼን አጣጥፌ ደረደርኩ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር የወጣች ናፍታሊን ናፍታሊን የምትል ነጠላ ከላይ ጣል አደረግኩ፣ ዚፑን ስስበው እየተንሸራተተ ዳር ደረሰ፤ አለቀ። ላዩ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም፣ በጉልበቱ የተጫነው የለም፣ በእሱ ሰበብ የተኳረፈ የለም። እኔ ባደግኩበት ቤት ሻንጣ እንዲህ በቀላሉ፣ ያለ ክርክር ተዘግቶ አያውቅም። የነጠላዋ ሽታ ደግሞ የእናቴ ሣጥን ሽታ ነውና ነገረኛ ነው፤ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ እያዋዛ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሠፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ቆርቆሮ ቤታችን ድረስ ወሰደኝ።

ጊዜው የሰማንያዎቹ ማገባደጃ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ፣ እኔም ቤተሰቤም ባልጠበቅነው ተአምር አልፌ፣ ባሕር ዳር ተመደብኩ። አባዬ ደስ ብሎት ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ዋለ፤ እማዬ ግን ምድቡን ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ብርድ ነው?" የሚል ነበር። እማዬ የጨንቻ ልጅ ናት፤ አባዬን አግብታ ከዚያ ጉም ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት የወረደች። ከዚያ ወዲህ የምታውቀው መንገድ ወደ እናት አባቷ ቤት የሚወስደውን ዳገት ብቻ ስለሆነ፣ በእሷ ቤት ዓለም ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አርባ ምንጭና ጨንቻ። አርባ ምንጭ ያልሆነ አገር ሁሉ ጨንቻ ነው፣ ይበርዳል። አዲስ አበባ ጨንቻ ነው፣ ጅማ ጨንቻ ነው፣ ባሕር ዳርማ ራቅ ስለሚል የባሰበት ጨንቻ ነው። "ኧረ እማዬ፣ እዚያም እንደኛ ሐይቅ አለ፣ ሙቀት ነው አሉ" ብላት "ሐይቅ ካለማ ንፋሱስ?" አለችና እንኳን ልትሰማኝ፣ ለእህቷ መልእክት ልካ ከጨንቻ ቡልኮ አስወረደች። ቡልኮ ማለት ፍራሽ የሚያህል፣ በጥጥ የተሠራ ብርድ ልብስ ነው፤ አርባ ምንጭ ውስጥ እሱን የሚለብስ ሰው ወባ የያዘው ብቻ ነው።

ሻንጣ አልነበረንም። በሠፈራችን የነበረው አንድ ሻንጣ ነው፣ እሱም የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ። ቡናማ፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ አንዱ መቆለፊያው ሥራ ያቆመ፣ ሌላው ደግሞ ደስ ሲለው የሚሠራ። ከሠፈሩ ለትምህርት የወጣ ልጅ ሁሉ እሱን ተውሶ ስለወጣ፣ ሻንጣው አለማያን ያውቃል፣ ጎንደርን ያውቃል፣ ጅማን ያውቃል፤ እትዬ ብርቄ ራሳቸው ግን ከጎረቤቷ ከተማ ከምዕራብ ዓባያ አልፈው አያውቁም። ሲያውሱ አንዲት ቃል ያስገቡ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሻንጣው እቤታቸው መገኘት አለበት። "በሰው እጅ እንዳትልኪው፣ ራስሽ ተሸክመሽ ነይ" አሉኝ። ያኔ ለሻንጣው የሳሱ መሰለኝ።

እንግዲህ ሻንጣው መጣና ጦርነቱ ተጀመረ። አባዬ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ሠራዊቱ ሲበተን አንድ የጥጥ እርሻ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረ እንጂ ልቡ ካምፕ ነው ያለው። በእሱ እምነት ልብስ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል። ሸሚዙን፣ ጉርዱን፣ ፎጣውን አጥብቆ ጠቅልሎ እንደ ሻማ ደርድሮ ወደ ሥራ ይሄዳል። እማዬ ደግሞ የሸማኔ ልጅ ናት፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጨርቅ ስታይ ሰው የታሰረ ይመስላታል፤ ገና በሩን ሳይወጣ ሁሉንም ፈትታ፣ በመዳፏ ዳብሳ፣ አራት አራት አድርጋ ታጥፈዋለች። ማታ አባዬ ይመጣና ያየዋል፣ "ማነው ሰልፉን ያፈረሰው?" ይላል፣ ደግሞ ይጠቀልላል። ልብሶቼ ገና ከቤት ሳይወጡ አረጁ።

እኔ ግን ቢጠቀለልም ቢታጠፍም ግድ አልነበረኝም፣ ሐሳቤ አንዲት ቀሚስ ላይ ነበር። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል መሰናበቻ ገበያ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ የሰፋልኝ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ፣ ያ ለስላሳ ወፍራም ጨርቅ፣ እጅጌው እስከ አንጓ፣ አንገቱ ዝግ። በአርባ ምንጭ ፀሐይ ከፋይ መልበስ ቅጣት ነው፤ መሰናበቻው ላይ ራሴን ልስት ደርሼ ጓደኞቼ በደብተር ሲያራግቡልኝ ነው የዋሉት። ቢሆንም መስታወት ፊት ስቆም ሌላ ሰው ታየኝ ነበር። ከየአገሩ በመጡት ተማሪዎች መሀል እሷን ለብሼ ካልገባሁ፣ ከሙዝ ማሳ ተነስታ የመጣች ተብዬ አራት ዓመት ሙሉ ጣት ሲቀሰርብኝ መኖሬ ነው ብዬ ወስኛለሁ። ያለ እሷ ከምሄድ ባልሄድ ይሻለኛል።

እማዬ ግን ቀሚሷን አታስገባም። ሌላውን ሁሉ ታስገባለች፤ ቡልኮ፣ ጋቢ፣ የአባዬን የወታደር ሹራብ፣ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል፣ በሶ፣ ደግሞ በጠርሙስ የታሸገ ዳጣ፣ ያ ዓይን የሚያስለቅስ የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት ነገር። ቀሚሷን ስከት ታወጣታለች። በመጀመሪያ ቁልፏ ላልቷል አለች፤ እኔው ቁጭ ብዬ አጠበቅኩት። ቀጥሎ ከፋይ በመኪና ይሸበሸባል አለች። ከዚያ ለፋሲካ ስትመጪ ምን ልትለብሺ ነው አለች፤ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ለፋሲካ ብቅ ብለው የሚመለሱበት መንገድ እንዳልሆነ ብነግራት "ሰው ከፈለገ ይመጣል" ብላ ዘጋችኝ። በመጨረሻ በራሷ ሜዳ ልገጥማት ብዬ "ይበርዳል ካልሽ፣ ከፋይ እኮ የብርድ ልብስ ነው" አልኳት። እማዬ አፏን የፈታችበት ጋሞኛ ስለሆነ ስትናደድ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይምታታባታል፤ "አንተ ልጅ፣ ቡልኮ ሰጠሁህ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ወንድ ካደረገችኝ ነገሩ ከሯል ማለት ነውና ቀሚሷን ቦታዋ መለስኳት።

መለስኳት እንጂ አልተውኳትም። የመሄጃዬ ዋዜማ ቀሚሷን በአባዬ ዘዴ ጠቅልዬ፣ ጋቢው መሀል ከትቼ፣ ጋቢውን በእማዬ ዘዴ አጥፌ፣ ሻንጣው ሥር ቀበርኳት። ከሁለቱም ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ በመመረቄ ኮርቼ ጓዳ ስዘፍን አባዬ ከሥራ ገባና "ፍተሻ" አለ። በሠራዊት ቤት ጓዝ ሳይፈተሽ አይወጣም አለና ዕቃውን አንድ በአንድ አልጋው ላይ መደርደር ጀመረ። ጋቢውን አንስቶ ሲያራግፈው የከፋይ ቀሚሴ እንደ ተማረከ ወታደር መሬት ላይ ተዘረጋች። አባዬ አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ እማዬን አየ፣ ነገሩ ከማዕረጉ በላይ እንደሆነ ገባው መሰለኝ "ይሄ በግምጃ ቤት መዝገብ ላይ የለም" አለና አንስቶ ለእማዬ ሰጣት። እማዬም አጥፋ ይዛት ገባች።

አልቅሼ እትዬ ብርቄ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ሙዝ እየለዩ ነበር፤ እስክጨርስ አዳመጡኝና "እናትሽ ቀሚስሽን ጠልታ መስሎሽ ነው?" አሉ። "መያዣ ነው የያዘችብሽ። የኔው ልጅ ሲሄድ ካልሲ ሳይቀረው ጠርጎ ነው የሄደ። ምን አስቀርቶ ምን ይመልሰው? ሰላምታ በሰው ይልካል፣ እሱ ግን ይኸው አልመጣም። እናትሽ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ከእኔ ጋር መናኸሪያ እየሄደች ስጠብቀው አይታኛለች።" ከዚያ ሻንጣቸውን ለምን ለሁሉም እንደሚያውሱ ገባኝ፤ ሻንጣው ሲመለስ የተዋሰው ልጅም ይመለሳል ብለው ነው። እማዬ ያንን ሁሉ ሰበብ የደረደረችው እንዳልቀርባት ፈርታ መሆኑ አሳዘነኝ፤ ቀሚሷ ግን ያው አማረችኝ። ሰው በዚያ ዕድሜ ነገር ቢገባውም ሙሉ በሙሉ አይገባውም።

ሻንጣው አባዬ ተቀምጦበት፣ እማዬ በጉልበቷ ተጭናው፣ እኔ አኩርፌ ቆሜ ተዘጋ፣ ለጥንቃቄም በገመድ ተጠፈረ። የአውቶቡሱ ረዳት ወደ ላይ ሲያወጣው "እኅቴ፣ ወፍጮ ነው እንዴ የያዝሽው?" አለኝ።

ባሕር ዳር ስደርስ ሙቀቱ በር ላይ ተቀበለኝ። ይሄማ አርባ ምንጭ ነው። ሰው በካናቴራ ይሄዳል፣ እኔ ቡልኮ ተሸክሜ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ሻንጣውን ስከፍት ደግሞ የዳጣው ክዳን መንገድ ላይ ተስፋ ቆርጦ ኖሮ፣ አባዬ ጠቅልሎት እማዬ ያጠፈችው ልብስ ሁሉ ቀልቷል። ባጥበው ባጥበው ሽታው እንጂ ኃይሉ አልለቀቀም፤ ላቤን በፎጣዬ በጠረግኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያጎርፋል። የዶርም ልጆች ናፍቆት መስሏቸው ተራ ገብተው አጽናኑኝ፣ አንዷ ከወሎ የመጣች ልጅ እንዲያውም አብራኝ አለቀሰች። እኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ ግማሹ ናፍቆት ስለነበር መዋሸት አልመሰለኝም። የአርባ ምንጯ ልጅ ያለ ከፋይ ቀሚስ፣ በዳጣ ታወቀች።

ክረምት ላይ ሻንጣውን ራሴ ተሸክሜ ገባሁ። እትዬ ብርቄ እልል አሉ፣ እማዬ የከፋይ ቀሚሴን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ልማድ ሆነ። ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ በኋላ እንኳ ስመለስ አንድ ነገር ሳታስቀር አትለቀኝም ነበር፤ አንዴ ሻርፕ፣ አንዴ ሰዓት፣ ሳገባ ደግሞ ባሌንም አልማረችውም፣ ከረባቱን አስቀረችበት። ይግረማችሁ ብላ አንድ ጊዜ የአዲስ ጫማዬን ግራ እግር ብቻ አስቀረች። አዲስ አበባ ደርሼ ሻንጣዬን ስከፍት ቀኙ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ደውዬ ብጮህባት "ውይ፣ ረስተሽው ሄድሽ እንዴ? በይ ነይና ውሰጂው" አለችኝ፣ ድምጿ ውስጥ ሳቋን አፍና ይዛው። ሄጄ ወሰድኩት፣ ምን አደርጋለሁ።

ከጊዜ በኋላ አባዬ አረፈ፣ እማዬም አቅሟ ደክሞ አልጋ ላይ መዋል ጀመረች። በአንድ በዓል ሄጄ ስሰነባበት ሻንጣዬን አጠገቧ እንዳመጣላት ነገረችኝ። ልብሶቼን አንድ በአንድ እየዳበሰች አጠፈቻቸው፣ ሁሉንም ከተተች። "ምንም እንዳይቀርሽ፣ እስቲ ከአልጋው ሥርም እዪ" አለች። እኔም ቂል፣ "ዛሬስ ማርሽኝ" ብዬ ስቄ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ምዕራብ ዓባያ አውቶቡሱ ሲቆም ሙዝ ሻጮች በመስኮቱ ስር ተሰለፉ፤ ለልጄ ልገዛ ቦርሳዬን ስከፍት ነው ድንገት የመታኝ። ሁሉም ልብሴ አብሮኝ አለ። እናቴ መያዣ መያዝ ትታለች። እስክመለስ እቆያለሁ ብላ አላሰበችም ማለት ነው።

"ሻንጣዬን አውርድልኝ" አልኩት ረዳቱን። "እኅቴ፣ አዲስ አበባ አላልሽም?" ብሎ ተነጫነጨ፣ ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ወረድኩ፣ ባገኘሁት አይሱዙ ተሳፍሬ ተመለስኩ። እማዬ ስታየኝ ደነገጠች። "ምን ረስተሽ ነው?"

"ሹራቤን ላስቀምጥ ነው።"

"በዚህ ሙቀት ሹራብ ለማን ነው?"

"ለኔ ነው። መጥቼ እወስደዋለሁ።"

እጇን ዘረጋች። ከዚያ ተቀበለችኝ፣ አራት አድርጋ አጠፈችው፣ ትራሷ ሥር ከተተችውና "እንግዲያው ቶሎ ና፣ ብል ይበላዋል" አለችኝ። ወንድ አድርጋኛለችና ተቆጥታለች ብዬ ቀና ስል ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እኔም ዞሬ የማለቅሰውን አለቀስኩ።

ቶሎ ሄድኩ፣ እሷ ግን ቀደመችኝ። ሹራቡን ከትራሷ ሥር ያወጣሁት ልቅሶው ካለቀ በኋላ ነው። ቤቱ ዛሬ የሌላ ሰው ነው፣ እትዬ ብርቄም ልጃቸው ሳይመጣ አልፈዋል። ነገ አርባ ምንጭ የማድረው ሆቴል ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ልብሴን ሁሉ ለቅሜ እወጣለሁ፣ ከዚያ ሁሉ አገር ግራ እግር ጫማ እንኳ የሚያስቀርብኝ ሰው የለም።