በአናታቸው የቆሙ ጠርሙሶች

ከባቱ በመጣ ቀይ የወይን ፍሬ ለልጄ ቀለበት ሻምፓኝ ልሠራ ተነሳሁ። የወይን ጠጁን ከስኳርና ከእርሾ ጋር በጠርሙስ አሸግኩ። ከዚያም አተላው አንገቱ ላይ እንዲጠራቀም ጠርሙሶቹን ዘቅዝቄ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ መቶ ዓመት ያህል ጠበቅሁ። የቀለበቱ ዕለት ጠዋት ገበያ ደርሼ ስመለስ፣ ከኢተያ የመጡት አማቴ ወልውለው ቀጥ አድርገው አቁመዋቸዋል። አተላው ሁሉ ተበጥብጧል።

«ምነው ልጄ፣ ጠርሙስ በአናቱ ይቆማል እንዴ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ገደሉኝ።»

«ገና መቼ ጨረስኩ፤ ከገብሱ ጆንያ ጀርባ ሁለት ቀርተውኛል።»

ጉልበታቸውን ስሜ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። እንግዶቹ ሲገቡ ሁለቱን እንደተዘቀዘቁ ከፈትኳቸው። አተላው ተፈናጥሮ ግድግዳውን ቀባው፤ የቀረው ግን ጥርት ያለ ነበር፣ ለሁለቱም ቤተሰብ በቃ። አማቴ ቀምሰው፣ «ሊያስለቅስህ የነበረው ይሄ ነው?» አሉኝ።