በአጎቴ ሆቴል ደጅ የነበረው ጭላዳ

አጎቴ በትምህርት ፋንታ ጭላዳ ሰጠኝ። አባቴ ሲሞት ከተወለድኩበት ቀዬ ወሰደኝ፤ እናቴን «አስተምረዋለሁ» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ምሎላት ነበር። ከዚያ በደብተር ቦታ የጓጉንቸር ቁልፍ አስያዘኝ። እዚህ ላይ «እሳቸው» እያልኩ አላወራም፤ ያኔ ብዬዋለሁ፣ ይበቃዋል።

ነገሩን ያስነሳብኝ የብስኩት ላስቲክ ነው። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ለልጇ ብስኩት ስትቀድ፣ ያ መንኮሻኮሽ ፊቴን ወደ መስኮቱ አስዞረኝ። ሴትዮዋ አይታኝ «ይውሰዱ እንጂ» ብላ ዘረጋችልኝ። እኔ ብስኩት አልበላም። ስንት ዘመን ሲወረወር አይቼ!

ሆቴሉ ያለው መንገዱ ወጥቶ ወጥቶ ጓሳ ከሚባለው የደጋ ሣር ሜዳ አፋፍ ላይ የሚደርስበት ቦታ ነው። መኪና ሁሉ እዚያ ይቆማል። ከኋላ ለፈረንጅ የሚከራዩ የሣር ክዳን ጎጆዎች አሉ። ከፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከፌሮ ብረት የተበየደ ሣጥን፤ ወለሉ ሊሾ፣ ውስጡ ጭላዳ። ግልገል ሳለ በወጥመድ ይዘው ያመጡት ነው። እኔ ስደርስ ጎፈሩ ትከሻው ላይ የወረደ ጎረምሳ ሆኖ ነበር። እኔም ጎረምሳ ነበርኩ።

መኪና ሲቆም ሕዝቡ ይንጋጋል። ብረቱን በጠርሙስ ይደበድቡታል፣ ብስኩት ይወረውሩለታል። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ «ሳቀ! ሳቀ!» ይሉ ነበር። ፈርቶ ነው። ማን ይነግራቸዋል? እኔ ብናገር አጎቴ ዓይኑን ያፈጥብኛል።

መኝታዬ ሣጥኑን ተደግፋ የቆመች የቆርቆሮ ዳስ ነበረች። ሦስቱ ግድግዳ ቆርቆሮ፣ አራተኛው የሱ ብረት። ንጋት ላይ ጉሙ ሲገባ አጥንት ይሰብራል። ያኔ እሱ ጀርባውን ለብረቱ ይሰጣል፣ እኔም ጀርባዬን እሰጣለሁ። እርጥብ የጠጉር ሽታና ሙቀት ይመጣልኝ ነበር። እዚያ ቤት ያገኘሁት ሙቀት ያ ብቻ ነው።

ጭላዳ ሣር በላተኛ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ሲነቅል ይውላል። የኛው ሣር የለውም፤ እጁ ግን አላረፈም። ሊሾውን ይነቅላል፣ ይነቅላል፣ ባዶ ጣቱን ወደ አፉ ይወስዳል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው። ከዚያ እጅ ሌላ ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አልነበረኝም።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሣር ልጨድለት?» አልኩት።

«ጓሳው ዝግ መሆኑን አታውቅም? ልታስቀጣኝ ነው?»

«እኔንስ ትምህርት ቤት መቼ ያስገቡኛል?»

«አንተ ከገባህ እሱን ማን ያይልኛል?»

በዚያች መልስ ሁለታችን ላይ ቆለፈብን።

ጓሳው የአገሩ የጋራ ነው። ሽማግሌዎቹ ከዘጉት ማጭድ ይዞ የሚገባበት የለም። ሣሩ እስኪደርስ ዓመታት ይጠበቃል፤ ሲከፈት ባለድርሻው ሁሉ ወጥቶ ለቤቱ ክዳን ያጭዳል። አጎቴ ይህን ሕግ የሚያከብረው ለጭላዳው ሣር ላለመስጠት ሲሆን ብቻ ነበር።

ከዚያ በታችኛው መታጠፊያ ያለው ሻይ ቤት ገበያችንን አይቶ የቀይ ቀበሮ ግልገል አሰረ። ግልገሉ ሌሊቱን ሲያለቅስ ይሰማኛል። ነገሩ አጎቴ ላይ እንደማያበቃ ያኔ ገባኝ፤ መንገዱን በሙሉ ሊይዘው ነው። ወረዳ ሄድኩ። አንዱ ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ «የከብት ደንብ አለን፣ የውሻም አለን። በሆቴል ደጅ ስለሚታሰር አውሬ ግን እኛ ዘንድ የወጣ ነገር የለም» አለኝ። «አውጡ እንጂ!» ስለው «አንተ ማነህ?» አለ። ማን ልበለው? ጭላዳ ጠባቂ ነኝ?

ወረዳው ሲመልሰኝ የጓሳውን ሽማግሌዎች ያዝኩ። ከቅዳሴ በኋላ ጽድ ሥር ሲሰበሰቡ ቆሜ እናገራለሁ፣ ይስቁብኛል፤ በሌላው ሰንበትም እቆማለሁ። «የጭላዳ ጠበቃ መጣ!» ይላል አንዱ ገበሬ። «ስማ አንተ፣ ገብሴን ሲጨርሰው የት ነበርክ? ታስሮ ካረፈልኝ ለአጎትህ ጠላ ጠምቄ እወስድለታለሁ!» ሕዝቡ ይንከተከታል። አልፈርድባቸውም፤ ጭላዳ ገብስ ያጠፋል።

በኋላ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ሳቁን በእጃቸው አበረዱት።

«ምን ያበሉታል?» አሉኝ።

«ብስኩት፣ አባቴ። የሆቴል ትራፊም።»

«ሣርስ?»

«ጓሳው ዝግ ነው ይሉኛል።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኛ የዘጋነው ሣሩን ነው» አሉ። «በላተኛውን ማን ዝጋ አለው?»

የሳቀ አልነበረም። እዚያው ተፈረደ፤ የጓሳን አውሬ ጭላዳም ይሁን ቀበሮ አጥሮ ያስቀመጠ ሰው እስኪለቀው ድረስ ከጓሳው ድርሻ የለውም ተባለ።

አጎቴ ሲሰማ «የራሳቸው ጉዳይ! ቆርቆሮ ሞልቷል» አለ። ሚስቱ ከማጀት ሆና «ፈረንጆቹ ቆርቆሮ ሊያዩ ነው የሚመጡት?» አለችው። የዚያን ዕለት ጥፊው ለኔ ነበር። ጎጆዎቹ ያፈስሱ ነበር፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት አዲስ ክዳን የግድ ነው። ቢሆንም አልለቀቀም። በጉንጬ ላይ አምስት ጣቱን ይዤ ስገባ ጭላዳው ዞሮ አየኝና ወደ መንቀሉ ተመለሰ።

ጓሳው የተከፈተ ቀን ሰው ከነማጭዱ እየዘፈነ ሲገባ፣ የአጎቴን በቅሎ አፋፉ ላይ መለሷት። አጎቴ በቅሎዋን ባዶዋን እየጎተተ መጣ። ለኔ ሰጥቶኝ የማያውቀውን የሁለተኛውን ጓጉንቸር ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እግሬ ሥር ጣለው።

«ውሰደው። ሁለታችሁም ከዓይኔ ጥፉ።»

የሻይ ቤቱም ሰውዬ ግልገሉን በዚያው ሳምንት ለቀቀ።

ጭላዳውን በእንጨት ሣጥን አድርገን በወሳንሳ ወደ ገደሉ ወሰድነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ያ ጠላ እጠምቃለሁ ያለው ገበሬ ነበር። መሐል መንገድ ላይ አንዱ «ኧረ ይሄ እንዴት ይከብዳል!» ሲል «የኔ ገብስ ነዋ!» አለ እያለከለከ።

በሩን ከፈትኩለት። አልወጣም። ቁጭ ብሎ የሣጥኑን ጣውላ ይነቅላል። ከገደሉ ሥር የዘመዶቹ ድምፅ ይመጣል፤ እሱ ጣውላውን ይነቅላል። ሌሎቹ ሰለቻቸውና ሄዱ። እኔ ሣር ላይ ተቀምጬ፣ እንደሱ በሁለት እጄ እየነቀልኩ ደጃፉ ላይ አኖርኩለት። ብዙ ቆይቶ እጁን አወጣ። ያኖርኩለትን አልነካም። አጠገቡ ካለው፣ ከበቀለው ላይ፣ አንዲት ዘለላ ነቀለ። አሸተታት። ከዚያ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ እየነቀለ፣ እየበላ፣ ፀሐይዋ ገደሉን ስታቀላው ከአፋፉ ወረደ። ዞሮ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። አላየኝም።

ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም። ከጎሚስታ ቤት ተቀጠርኩ፤ ጢሜ ከወጣ በኋላ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ቆጠርኩ። አጎቴ ጭላዳውን እንጂ ሣጥኑን አልለቀቀም። ባዶውን ቆልፎ እዚያው ደጅ አቆመው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የተቆለፈው ይታየኛል፤ ሆን ብሎ ለኔ ያስቀመጠው ይመስለኝ ነበር። ደግሞም መኪና ሲቆም ሰው ባዶውን እያየ «ምን ነበር?» ይላል፤ ነገ ሌላ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ወረዳ መመላለሴን አልተውኩም፤ የጓሳው ፍርድ በወረዳ ደንብ እንዲጸና፣ ሣጥኑም ሁሉ እንዲነሣ። ያ ሠራተኛ ተቀየረ፣ ተተኪውም ተቀየረ። እኔ ነኝ ያልተቀየርኩት። አጎቴም ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ቆሜ አላለቀስኩም።

በመጨረሻ ደንቡ ወጣና ብረቱን ሊነቅሉ መጡ። የአጎቴ ሚስት በዱላ ተደግፋ ወጣች። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ብርድ ልብስ እንኳ ሳልሰጥህ» አለች። ብረቱ ሲነሣ ሊሾው ቀረ። መሐሉ ላይ የጭላዳው ጣቶች ሲፈትጓት የነጣች ቦታ አለች፤ የሰው መዳፍ ታክላለች። ተቀምጬ እጄን አሳረፍኩባት። ቀዝቃዛ ነበረች።

ቀኑ ኅዳር አሥራ ሁለት ነበር፤ የሚካኤል ዕለት፣ ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን የሚያቃጥልበት።