ምንጭ ያልተገኘለት ዓረፍተ ነገር

መጋረጃ ሰፊዋ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻት፤ እሷም ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእስያ ጥናት መረጠች። ጎረቤቱ ጉድ አለ። ሕክምና የገባ ሐኪም ይሆናል፣ ምሕንድስና የገባ ድልድይ ይሠራል፤ እስያን ያጠናች ልጅ ምን ልትሆን ነው? አንዱ ነገረኛ «ቻይና ትሆናለቻ!» አለና ሰፈሩን በሳቅ ገደለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ቻይናዋ ሆኖ ቀረ። እናትየው ግን የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች፣ «ልጄ የወደደችውን ትማር፤ እኔ እንደሆነ መጋረጃ ወድጄ አልሰፋሁም» ትል ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ደብዳቤ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ባሕር ተሻግረው ለሥራ የሄዱ ቻይናውያን ከቤተሰቦቻቸው ጋር የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ቅጂ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት አገኘች። እነዚያ ሰዎች ደስታን ይጽፋሉ እንጂ መከራን አይጽፉም። የታመመው «ደህና ነኝ» ይላል፤ ከሥራ የተባረረው ስለ አየሩ ያወራል። ቻይናዋም ዘዴ ዘየደች። ከቤት የመጣውን ጥያቄ በአንድ ዓምድ፣ የተሰጠውን መልስ በሌላ ዓምድ እየጻፈች፣ መልስ ባጣው ጥያቄ ላይ ቀይ ክብ ታደርጋለች። ክብ ባለበት ሁሉ አንድ የተደበቀ ሕመም አለ። አማካሪዋ እንኳ ይህን ሲያይ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ይህን አማካሪ ተማሪዎቹ «አንድ ቀረሽ» ይሉታል፤ የቱንም ያህል ጥሩ ጽሑፍ ይዘው ቢቀርቡ «ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ቀረሽ» ሳይል አይሸኝም።

እንግዲህ ይህችን ብልህ ልጅ ተመልከቷት። እሑድ እሑድ ወደ ቤት ትደውላለች።

«እማ፣ ያ ሳል ለቀቀሽ?»

«ድመቷ አራት ወለደችልሽ!»

«ሐኪም ቤት ሄድሽ ወይ?»

«የሆቴሉን መጋረጃ አስረከብኩት። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ ስዘመዝመው ብታዪ! ይልቅ አንቺ በላሽ?»

ልጅቷ ስቃ ስልኩን ትዘጋና ወደ ሠንጠረዧ ትመለሳለች። የሞቱ ሰዎችን ዝምታ ስታነብ የምትውል ልጅ የገዛ እናቷ ዝምታ በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። እናትየው ሳንባዋ ላይ እጢ እንዳለ ከተነገራት አምስት ወር ሆኗታል። የልጅቷ አክስት ታውቃለች፤ ጎረቤቱ ያውቃል፤ ድመቷም ሳታውቅ አትቀርም። «ጽሑፏን እስክትጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ብላ እናትየው ሁሉንም አስምላቸዋለች።

ቻይናዋ ጽሑፏን ጨርሳ ወደ ቤት ልትሄድ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አንድ ቀረሽ አስጠራት። «ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ቀረሽ» አላት። «የደበቁትን ሰዎች አሳይተሽኛል። ቤት ያሉትስ? አምነዋቸው ነበር?»

ቻይናዋ ሻንጣዋን መልሳ ፈታች። ለእናቷ ደወለች።

«እማ፣ ሁለት ሳምንት ልቆይ ነው።»

«ቆዪ እንጂ! የጀመርሽውን ጨርሰሽ ነይ።» እናትየውን ሳል አቋረጣት። «ሁለት ሳምንት ነው ያልሽኝ?»

«ሁለት ብቻ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ምን አላት፣ ሁለት ሳምንት።»

በዘጠነኛው ቀን አክስት መሐላዋን አፈረሰች። «ነይ» አለች በስልክ። «አፈር ስሆን ምንም እንዳትጠይቂኝ። ብቻ ነይ።»

ቻይናዋ ስትደርስ የስፌት መኪናው አንሶላ ለብሷል። እናትየው መስኮቱ ሥር ተኝታለች፤ ትከሻዋ የልጅ ትከሻ አክሏል። ልጅቷ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከድንጋጤ የሚመጣ ቁጣ ነው፣ እሱም ክፉ ነው።

«እንዴት ትደብቂኛለሽ? ልጅሽ አይደለሁም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበራ» አለች እናትየው።

ልጅቷ አለቀሰች። እናትየውም እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ «እስቲ ያንን ደብዳቤሽን አንብቢልኝ» አለቻት። ቻይናዋ አንዱን መርጣ፣ እየተረጎመች አነበበችላት። አንድ ሰው ለሚስቱ የጻፈው ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ከመስኮቴ ሥር ያለው ዛፍ አበበ፣ የጎረቤቴ ልጅ ኳስ ስታነጥር ሳትስት እስከ መቶ ቆጠረች፣ ይላል።

«ይኼ ሰውዬ አልጋ ይዟል» አለች እናትየው።

«ማን ነገረሽ?»

«ከመስኮቱ መቼ ወጣ? ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ኳስ እስከ መቶ ይቆጥራል?»

ልጅቷ ይህን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጅቶባት ነበር። አንድ ቀረሽ የጠየቃትን ጥያቄ ለእናቷ አነሳችላት። «ሚስቱስ ደህና ነኝ ሲላት ታምነው ይሆን?»

«ታውቃለች እንጂ! ግን እሷን ደስ ከማሰኘት በቀር ለእሱ ምን ቀረው? ይኼንንም ትንሳው? አላወቀች መስላ ትቀበለዋለች።»

«እኔ ግን አላወቅኩም፣ እማ።»

እናትየው ረጅም ጊዜ አየቻት። በቁጣ አልነበረም። «ስለ ሳሉ ሦስት እሑድ ጠየቅሽኝ» አለች። «ከዚያ ተውሽው። ለምን ተውሽው?»

ቻይናዋ አንገቷን ደፋች። እውነቷን ነው፤ ትታዋለች። ሳሉ በስልኩ ውስጥ ሲሰማት መጠየቅ ትታ ስለ ድመቷ መጠየቅ ጀምራ ነበር። እናትየው እጇን ዘርግታ ፀጉሯን ዳበሰችላት። «ደግ አደረግሽ» አለች። «ብትጠይቂኝ ኖሮ ምን እልሽ ነበር?»

ያን ቀን ቻይናዋ ሠንጠረዧን እንደገና ከፈተችው። ጥያቄዎቹን የጻፈችበትን ዓምድ ተከትላ ወደ ታች ወረደች። ከቤት የሚመጡት ጥያቄዎች ሦስት አራቴ ይደጋገሙና ድንገት ይቆማሉ። ቤት ያሉትም ስለ ዝናብ መጻፍ ይጀምራሉ።

እናትየው ጠዋት ጠዋት «ጨረስሽ?» ትላታለች። በአምስተኛው ጠዋት ልጅቷ «ጨረስኩ፣ እማ» አለቻት፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገና በእርሳስ እንኳ አልነካችውም። «ጎበዝ» አለች እናትየው። በማግስቱ አረፈች።

ቻይናዋ ምዕራፉን የጻፈችው ከቀብር በኋላ፣ የስፌት መኪናው ላይ ወረቀት ዘርግታ ነው። ከወር በኋላ ጽሑፏን ለመከላከል ሦስት ፈታኞች ፊት ቆመች። ከዩኒቨርሲቲው የቀረችበትን ምክንያት ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብላ ነበር የሞላችው፤ የጠየቃትም የለም። ከፈታኞቹ አንዷ፣ ጥንቁቅ ሴት፣ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ጥያቄዎቹ መቆማቸውን ሠንጠረዥሽ ያሳያል። ግሩም ሥራ ነው። ይህ ግን፣ ‹ቤት ያሉት ያውቁ ነበር፤ አላወቁ የመሰሉት ለጸሐፊው የቀረችውን አንዲት ደስታ ላለመንሳት ነው› የሚለው፣ ምንጩ የታለ?»

«በቃል የተነገረኝ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«እናቴ።»

ፈታኞቹ ፈገግ አሉ፤ ክፉዎች አልነበሩም። «ጥሩ፤ የቃል መረጃም መረጃ ነው» አለች ሴትየዋ። «ግን ደንቡን ታውቂያለሽ። ተናጋሪዋ የፈቃድ ቅጹን ትፈርማለች፣ ከጽሑፉ ጋር ይያያዛል። እናትሽ ከሆኑማ ምን ችግር አለው፣ ዛሬውኑ ታስፈርሚያቸዋለሽ።»

ቻይናዋ አፏን ከፈተች። ሦስቱም በደስታ እያዩዋት ነበር። «እሺ» አለች።

ከፍተኛ ውጤት ሰጧት፤ ያችን ታስተካክል ብለው። እሷም ቅጹን ከጽሕፈት ቤቱ ተቀብላ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠች። ስም በሚለው ላይ የእናቷን ስም ጻፈች። ሥራ በሚለው ላይ መጋረጃ ሰፊ አለች። ፊርማ የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን አስመስሎ ይፈርማል፤ የእናቷን ፊርማ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ማንም አይለየውም ነበር። እሷ ግን አልፈረመችም።

ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ኮምፒውተሩ ላይ ገጽ ስልሳ አንድን ፈልጋ ዓረፍተ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መርጣ ሰረዘችው። ከሥሩ የነበረው አንቀጽ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቦታውን ያዘ፤ እዚያ ጋ አንድ ነገር እንደነበረ ምንም አያሳብቅም። አትማ አስገባችው።