የእማማ ደጊቱ ወረንጦ

ሥራ የገባሁ ዕለት፣ ከገሳይ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አንድ ነጭ መኪና ቆሞ ነበር። ጠጋ ብዬ «እንደምን አደራችሁ፣ አዲሷ የዐይን ነርስ ነኝ» ብል፣ ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ «እኛ ክትትል ነን። አንቺ ቀዶ ጥገና ነሽ፤ ያንቺ ሰዎች ሌሎች ናቸው» አለኝና መስኮቱን ዘጋው። አለቃዬ ማን እንደሆነ ግራ የገባኝ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው። ይኸው ጡረታ ወጥቼም አልጠራልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መቀሱን፣ መቆንጠጫውንና ማደንዘዣውን የሚያመጣው አንድ የውጭ ድርጅት ነው። ቀዶ ጥገና የተሠራላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረ የሚያየው ደግሞ ሌላ የውጭ ድርጅት፤ መኪናው የሱ ነው። ሁለቱም «አጋር» ይባላሉ። ስብሰባ ላይ «አጋሮቻችን» ሲባል ማን ቀና እንደሚል እያየሁ ልለያቸው ብሞክር፣ ሁሉም ቀና ይላሉ። የወረዳውን የዐይን ጤና አስተባባሪ፣ አቶ መላኩን፣ «አጋር የሚባለው የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የመጣው ነዋ፣ ሲስተር!» አለኝ።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን ባላው በዝቶብን የትኛው ላይ እንደተንጠለጠልን እንኳ አናውቅም ነበር።

የእጄ ሥራ ግን ግልጽ ነው። ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ የያዘው ሰው፣ ዕድሜው ሲገፋ የዐይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍበታል። ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይወጋል፣ ይፍቃል፣ ውሎ አድሮ ያጠፋዋል። ያገራችን ሰው በሽታውን «ፀጉር» ነው የሚለው፤ «ፀጉር ገባብኝ» ብሎ ይመጣል። እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት መፍትሔው ወረንጦ ናት። ቀጥቃጭ የሠራት ትንሽ የብረት መንቀያ ናት፤ ሴቶቹ በክር አስረው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏታል። ነቅለው ትንሽ ያርፋሉ። ፀጉሩ ደግሞ አጭርና ሻካራ ሆኖ ይበቅልና ከፊተኛው ብሶ ይወጋል።

እኔ ቆቡን አደነዝዛለሁ፣ ገልብጬ ከውስጥ በኩል እቀድዳለሁ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሬ እሰፋለሁ። በማግሥቱ ፋሻው ይፈታል፤ ቅባት ይቀባል። እጄ ጥሩ ነበር፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ከዚያ በኋላ ግን ሰውዬው የክትትል ነው፤ እንዳልነካው ተነግሮኛል።

እማማ ደጊቱ የመጡት ባላቸውን፣ አያ ፈንታን፣ በዱላ እየመሩ ነው። የዱላውን አንድ ጫፍ እሳቸው ይይዛሉ፣ ሌላውን አያ ፈንታ። የአያ ፈንታ ሁለቱም ዐይን ነጭ ሆኗል። ታማሚው አያ ፈንታ መስለውኝ ወደ ወንበሩ ልወስዳቸው እጃቸውን ብይዝ፣ ቀስ ብለው አስለቀቁኝ።

«የእኔስ አለፈ፣ ልጄ። የሷን አትርፊልኝ» አሉ። «የሷም አንዱ ዐይን ቀድሞ ጠፍቷል። በቀረችው ነው ሁለታችንም የምናየው።»

ልቤ ፈራ፤ አልዋሽም። የቀረችውን አንዷን ዐይን ሠራሁ። በማግሥቱ ፋሻውን ስፈታ እማማ ደጊቱ እንባቸውን ጠረጉና ባላቸውን ትኩር ብለው አዩአቸው።

«ወይ ጉድ! አርጅተሃል ለካ!»

«አንቺስ አለማርጀትሽን ማን ነገረሽ!» አሉ አያ ፈንታ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም የዚያን ዕለት በደስታ ምሳዬን ረስቼ ዋልሁ።

ከወራት በኋላ የክትትሉ ዶክተር ከውጭ አገር መጣች። ክላራ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጭቃ የማይበግራት ሴት። አስተርጓሚዋ ደብረ ታቦር ላይ ታሞ ቀረ። አቶ መላኩ ጠራኝና «ዛሬ አንቺ ክትትል ነሽ» አለኝ።

«ትናንት እንዳትነኪ ስትሉኝ አልነበር እንዴ?»

«አትነኪም። ታስተረጉሚያለሽ።»

ወይ ጣጣ! ሄድሁ። የክትትሉ አሠራር መጀመሪያ መጠየቅ ነው። ችግር አለብኝ ያለው ብቻ ጥላ ሥር ይቀመጥና ዐይኑ በማጉያ መነጽር ይታያል። እኔ «ተሻለዎት ወይ?» እላለሁ፤ የሚመልሱት «ይመስገን!» ነው። ከቤት ወደ ቤት፣ «ይመስገን።» ክላራ ይህችን ቃል አዲስ አበባ ሳለች ተምራታለች፤ «ደህና ነኝ» ማለት ነው ብለው ነግረዋታል። ስለዚህ ማስተርጎሜም ቀረ። ገና ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ፈገግ ትልና ወደሚቀጥለው ቤት ትነሳለች።

እማማ ደጊቱ ግቢም እንዲሁ ሆነ። «ተሻለዎት፣ እማማ?» አልኋቸው። «ይመስገን፣ ልጄ! ክብሩ ይስፋ!» አሉኝ። ክላራ ልትሰናበት ጎንበስ ስትል እማማ ደጊቱ ትከሻዋን ይዘው ሳሟት፤ በዚያች መሀል ከቀሚሳቸው ውስጥ አንዲት ነገር ወጥታ ተንጠለጠለች። ክላራ በጣቷ ያዝ አድርጋ፣ ምን ያማረ ነው፣ መስቀል ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ወረንጦ ናት። ጫፏ ካገልግሎት ብዛት ታበራለች።

«እማማ፣ ይቺ አንገትዎ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ምን ትሠራለች ትላለች እንዴ! ትነቅልልኛለቻ።»

«ምኑን?»

«ፀጉሩን ነዋ።»

«ታዲያ አሁን ዳንሁ ብለውኝ የለም?»

«ዳንሁ መች አልሁሽ? ይመስገን ነው ያልሁ።»

«ይመስገን ማለት እኮ…»

«ይመስገን ማለት ይመስገን ነው! ቢያመኝስ? አምላኬን ላላመሰግነው ኖሯል?»

ክላራ ታየኛለች። ምን አለች? ደህና ናት? አለችኝ። አይደለችም አልኋት። ይመስገን አላለችም? ብላለች። ታዲያ ደህና ናት ማለት ነው? ማለት አይደለም። ደህና አይደለሁም ማለት ነው? እሱንም ማለት አይደለም። እንግሊዝኛዬ እዚያ ላይ አለቀ፤ አማርኛዬም ያለቀ መሰለኝ። ደግሞ ትዝ ሲለኝ፣ ጠዋት ድዴ አብጦ አላስተኛ ብሎኝ አድሮ፣ አቶ መላኩ «እንዴት አደርሽ?» ሲለኝ ያልሁት ይመስገን ነው። እኔስ ስንት ጊዜ ምን ማለቴ እንደነበር ማን ያውቃል?

እማማ ደጊቱን ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። ክላራ ቆቡን ገለበጠች፤ ሽፋሽፍቱ እንደታጨደ ገብስ አጥሮ ቆሟል። ብሌኑ ላይ ዳመና ጀምሯል። ክላራ መነጽሩን አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝና እንዳየው ጠቆመችኝ። እመ ብርሃን ድረሽ አልሁ በልቤ።

ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ከእኔ ማዕረግ በላይ ነው። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ካለው የዐይን ሐኪም ዘንድ ቶሎ መድረስ አለባቸው። ከቤቱ አጠገብ ኔትወርክ ከሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቼ አቶ መላኩ ጋ ደወልሁ።

«መኪናው የክትትል ነው፤ ክትትል በሽተኛ አያጓጉዝም» አለኝ።

«ቀዶ ጥገናስ?»

«ቀዶ ጥገና መኪና የለውም።»

«ወረዳውስ?»

«ወረዳው ነዳጅ የለውም። ደግሞስ ሴትዮዋ ምን አሉ?»

«ይመስገን አሉ።»

«እንግዲያስ!»

አሁን ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። «ቆይ፣ መላኩ! ዐይኑ የማን ነው? የክትትል ነው የቀዶ ጥገና?» ብዬ ጮህሁ። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ሄዶ ይሁን ዘግቶብኝ፣ እስከዛሬ አልጠየቅሁትም።

አያ ፈንታ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጩኸቴን ሰምተዋል። ከጉብታው ስወርድ ዱላቸውን መሬት ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉና «ዐይኑማ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ክላራ ምን አሉ አለችኝ። ይህችን ማስተርጎም አላቃተኝም። ነገርኋት። አንድም ቃል ሳትመልስልኝ ሄዳ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተች። የድርጅቷን ሕግ አፍርሳ ይሁን፣ ሕጉ ቀድሞም ያልነበረ ይሁን፣ አላውቅም። አያ ፈንታ ያለ መሪ አይቀሩምና ሁለቱንም ጫንናቸው። ዱላው በመስኮት ወጥቶ ደብረ ታቦር ድረስ ሄደ። ሐኪሙ አየና «ጥቂት ሳምንት ብትዘገዩ ኖሮ አልቆ ነበር» ብሎ ቆቡን እንደገና ሠራው።

ክላራ ከዚያ ወዲህ «ይመስገን» ስትሰማ ትደነግጥ ጀመር። ሾፌሩን መኪናው እንዴት ነው ብላ፣ ይመስገን ቢላት፣ ኮፈኑን አስከፍታ ዘይቱን አየች። እኔም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን አስተማርኋት፤ «ተመነጠረ» ላይ ምላሷ እየታሰረ ስትጥር ሾፌሩ መሪውን ይዞ ይስቅ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ወደ አገሯ ተመለሰች። ጤና ጣቢያው ግቢ የነበረው የአጋር ሰሌዳ ተነስቶ የሌላ አጋር ሰሌዳ ተተከለ። እሱ ክትትል ይሁን ቀዶ ጥገና ሳላጣራ ከረምሁ።

አዝመራ ሲገባ በራሴ እግር እማማ ደጊቱ ዘንድ ሄድሁ። አውድማ ላይ ገብስ እያዘሩ አገኘኋቸው፤ አያ ፈንታ አጠገባቸው ተቀምጠው ነፋሱ ከየት እንደሆነ ይነግሯቸዋል። ልማድ ሆኖብኝ «ተሻለዎት፣ እማማ?» አልኋቸው።

«ይመስገን!»

እዚያው ግራ ገባኝ። ደህና ናቸው አይደሉም? ዐይናቸውን እንዳላይ ገለባው ሸፍኗቸዋል። ኋላ አንገታቸውን አየሁ። ማተባቸው ብቻውን ነው።

«ወረንጦዎ የት አለች?»

ሳቁ። «አሁንማ ምን ትሠራልኛለች? ለጎረቤቴ ለአለምነሽ ሰጠኋት።»

«አለምነሽ ምን ሆኑ?»

«ምን ትሆናለች? ብጠይቃት ይመስገን ነው የምትለኝ።»

ቦርሳዬን አነሳሁና «ቤታቸውን ያሳዩኝ» አልኋቸው።

በዐይን ክፍል የምትሠሩ ልጆች፣ ከብዙ ዘመን ሥራ በርግጠኝነት የማውቀው አንድ ነገር ነው። «ተሻለዎት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ወረንጦዎ የት አለች?» በሉ።