እትዬ ማናየሽ ያጠቡት ወንበር

እኔ ስማቸው እባላለሁ፤ ከአዘና እንጅባራ የምመላለስ ሚኒባስ ነጂ ነኝ። የሰው ውለታ ቶሎ ይረሳሃል ይለኛል ወዳጄ ሁሉ። ይበል፤ የእትዬ ማናየሽን ግን አልረሳም።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ መውጫ ካለው ላቫጆ ነው የሚሠሩት። ሌሎቹ የመኪናውን አካል ያጥባሉ፣ እሳቸው ወንበር ብቻ። ከአዲስ ቅዳም የሚመጣ የከሰል ብናኝ፣ የሕፃን ትውከት፣ የፈሰሰ ማር፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ መላ አለው። ምላሳቸው ደግሞ አይጣል ነው። ዶሮ ወንበር ላይ አስቀምጦ የመጣ ሾፌር፣ መኪናው ከመታጠቡ በፊት እሱ ይታጠባል።

የመኪናው ባለቤት ደረሰ ይባላል፤ እኩያዬ ነው፤ ቀልድ ግን አያውቅም። ወንበሮቹን ነጣ ባለ ግራጫ ጨርቅ አዲስ አልብሶ ሲያስረክበኝ፣ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ሙሽራዋን የምወስደው እኔ መሆኔን ነገረኝ። «ጨርቁን ካቆሸሽከው ቁልፉን አስቀምጠህ ትሄዳለህ» አለኝ። ሚስትና ልጆች አሉኝ፣ ሌላ ሙያ የለኝም። የት እሄዳለሁ?

የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት የምሥራች የምትባል ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር አዘና ላይ ተሳፈረች። ሆስፒታል ሳንደርስ ምጡ ጠናባት። ዳር ይዤ አቆምኩ፤ እኛ ወንዶቹ ወረድን፣ ሴቶቹ በነጠላ ጋርደው አዋለዷት። ወንድ ልጅ! ለቅሶውን ስሰማ የራሴ ልጅ የተወለደ ያህል ደስ አለኝ።

እናትና ልጅን ሆስፒታል አስገብቼ ወደ መኪናው ስመለስ የኋላውን ወንበር አየሁትና ክው አልኩ። ሴቶቹ ደም በፍል ውሃ ይለቃል ስላሉኝ፣ ከሻይ ቤት ፍል ውሃ ለምኜ በሳሙና ፈተግኩት። ጭራሽ ቡናማ ሆኖ ተጋገረ። ይህ አልበቃ ብሎ አማትየው ሊያመሰግኑኝ መጡ። ለአራሷ ከመጣው ለጋ ቅቤ ቆንጥረው አናቴ ላይ አኖሩና በአዊኛ መረቁኝ። ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፣ አሜን ማለቱን ግን አላቋረጥኩም። እምቢ ይባላል እንዴ? ስነዳ ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ቅቤውን አቀለጠው፤ በማጅራቴ ወርዶ የወንበሬን መደገፊያም አረሰረሰው። እንዲያ ሆኜ ላቫጆ ደረስኩ።

እትዬ ማናየሽ በሩን ከፍተው ወንበሩን አዩ፤ የሆነውንም ነገርኳቸው።

«ልጁ አለቀሰ?» አሉኝ።

እኔ የማስበው ስለ ቁልፌ! አዎ፣ አገሩን አናወጠው አልኳቸው። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ምላሳቸው ግን አልማረኝም። ደምን ፍል ውሃ ካገኘው ጨርቁ ላይ እንደሚበስል የማላውቅ ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብለው ወረዱብኝ። ቅቤው ላይ ዱቄት ነሰነሱና ቅባቱን እስኪጠጣ ተዉት። ደሙን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው አርሰው፣ በነጭ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ከዳር ወደ መሐል አነሱት። አይፈትጉም። እምቢ ላለው ከፋርማሲ የመጣ አረፋ የሚያወጣ የቁስል ማጠቢያ ነበራቸው፤ እሱንም የጨርቁን ቀለም እንዳይወስድ መጀመሪያ በማይታየው ጥግ ሞከሩት። ስንቆራጠጥ ሰለቸኋቸው መሰለኝ፣ ሄጄ ጭንቅላቴን እንድታጠብ አባረሩኝ።

በማግስቱ ደረሰ መጣ። ወንበሩን በመዳፉ ዳበሰ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ተቀመጠበት። በደንብ ይዘኸዋል አለኝና ወረደ። ሙሽራዋም ነጭ ቀሚሷን ዘርግታ ልክ እዚያው ላይ ተቀመጠች።

ከሠርጉ መልስ ሄጄ የእትዬ ማናየሽን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ገፍተው አስነሱኝ። ለምን አስቀድመው ስለ ልጁ እንደጠየቁኝ አልገባኝም ነበርና ጠየቅኳቸው። እጃቸውን አራገፉ።

«የመጀመሪያ ልጄን ያማጥኩት ከአዲስ ቅዳም ስመጣ፣ መንገድ ላይ ነው» አሉ። «መኪና ቆሞልኝ ነበር። ሾፌሩ ልብሴ ላይ ደም አየና ወንበሬ ይበላሽብኛል ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ልጄ እዚያው ተወለደ። አላለቀሰም።»

ወንበር ማጠብ የተማሩት ከዚያ በኋላ ነው። ለሚመጣው ሾፌር ሁሉ የምጥ ደም እንደሚለቅ ይነግሩታል፤ ያንን ሲያጥቡለት ደግሞ ዋጋ አይቀበሉም። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው፤ ቃሉ አነሰብኝ። ቁልፌን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህም እጇን ያነሳች ነፍሰ ጡር አይቼ አላለፍኩም።

ልጁ አርባ ቀኑ ሲሞላ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቱን፣ አያቱንና ልጁን ይዤ ላቫጆው በር ላይ አቆምኩ። እትዬ ማናየሽ የአንድ መኪና ወንበር ላይ አጎንብሰው ነበር። ልጁ ርቦት ነው መሰል ለቅሶውን አቀለጠው። የምሥራች አፍራ ጡቷን ልታጎርሰው ስትል፣ እትዬ ማናየሽ አረፋ የያዘ እጃቸውን አነሡ።

«ተይው ልጄ» አሉ፣ «ትንሽ ያልቅስ።»